ለአንድ ሰው የተተወ ቦታ

ፎቶ አንሺውን የሰፈሩ ሰው «አትሳቁ» እያለ ነው የሚጠራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ሰማያዊ መጋረጃ ፊት እያስቀመጠ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነበራ። «ጆሮ ይታይ፣ አገጭ ቀና፣ አትሳቁ።» የመታወቂያ ፎቶ ሳቅ አይወድም።

ሚስቱ ደግሞ ሳቂታ ነበረች። «ኧረ እኔንም አንድ ቀን ውጭ አውጥተህ አንሳኝ፤ እዚያ ወንዝ ዳር፣ ዛፉ ስር» ትለዋለች።

«ዛሬ ፀሐዩ ከረረ፣ ነገ» ይላል። በማግስቱ ደመና ይሆናል።

«አንተ ብርሃን ስታማርጥ እኔ አርጅቼ ልሞት ነው» ብላ ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፣ ቀልድ መስሎት።

ሳታረጅ ሞተች። ለለቅሶው ፎቶዋ ሲፈለግ፣ ቤቱ ተገለባብጦ የተገኘው አንድ ጉርድ ብቻ ነው። ጆሮዋ ይታያል፣ አገጯ ቀና ብሏል፣ ከንፈሯ ግጥም። ያነሳት ራሱ፤ አትሳቂ ያላትም ራሱ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ፣ እህል አልወርድ አለው። አንድ ማለዳ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንዝ ዳር ወረደ። ጤዛውን፣ ወፉን፣ ያንን ዛፍ ሲያነሳ አረፈደና ቤቱ ሲመለስ ራበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ይወርዳል። ካሜራውን ዓይኑ ላይ ሲያስጠጋ፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ቀለል ይልለታል።

ሴት ልጁ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየች።

«አባዬ፣ ባለሙያ ሆነህ ሳለ ዛፉን ምነው ሁሌ ጥግ ወሸቅከው? መሀሉ እኮ ባዶ ነው።»

እሱም ገና አሁን ማየቱ ነው። በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተትቷል።

«እናትሽን እያቆምኳት ነበር መሰለኝ» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ተከትላው ወረደችና ዛፉ ስር ቆመች። «በል አንሳኝ። ደግሞ አትሳቂ ብትለኝ ወንዙን ተሻግሬ ነው የምሄደው።»

ቀኑ ደመናማ፣ ብርሃኑ ደብዛዛ ነበር፤ ድሮ ቢሆን «ነገ» የሚልበት ዓይነት። እሷ እየሳቀች አነሳት።

ፎቶው አምሮ ወጣ። ትክ ብሎ አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኸው፣ ይሄም ብርሃን ይበቃ ነበር» አለ።