አሸዋ የገባበት ካሜራና የሙሽራዋ አክስት

ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የተወለድኩት ወልቂጤ ነው፤ ወደዚህ ያመጣኝ ትዳር ነው። ሥራዬ የቆመው በሙስሊም ሠርጎች ላይ ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ገልጠው በሚጨፍሩበት ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባምና እኔን ይጠሩኛል። ጴንጤ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

የዚያን ቀን ሠርግ ከከተማው ወጣ ያለ መንደር ውስጥ ነበር። ቤተሰቡ ተጨማሪ ክፍል እየሠራ ስለነበር ግቢው ውስጥ አሸዋ ተከምሯል። ሴቶቹ ስጦታ ተሸክመው እየዘፈኑ ሲገቡ ሳይ፣ ከፍ ብዬ ላንሳቸው አልኩና ክምሩ ላይ ወጣሁ። ሌንሱን አርዝሜ የፊተኛዋን ሴት ወደ እኔ አቀረብኩ። ወዲያው አሸዋው ከእግሬ ሥር ተናደና ተንከባለልኩ። ቀና ስል ካሜራው በሌንሱ በኩል አሸዋው ውስጥ ተተክሏል።

አንስቼው በድንጋጤ እፍ እፍ አልኩበት። ያን ማድረግ አልነበረብኝም፤ ደቃቁ አሸዋ ይብሱን ወደ ውስጥ ዘለቀ። ሌንሱን ለማሳጠር ቀለበቱን ሳዞረው ቅጭጭ አለና ቀጥ አለ። ሌላ ካሜራ አልነበረኝም።

ሙሽራዋን ጓደኞቿ እየኳሏት ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ የሆነውን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«አንቺስ? ተጎዳሽ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ ደህና ነኝ። ካሜራው ነው እንጂ።»

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።» ከመኳኳያ ቦርሳዋ ገና ያልተነካ ብሩሽ አወጣች። «ይሄ ለስላሳ ነው፤ በዚህ ሞክሪው።»

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠጋ በይ አሉኝ። የሙሽራዋ አክስት ናቸው። ሌንሱን ወደ ታች ደፍቼ በብሩሹ ስጠርግ፣ እሳቸው አሸዋው ምንጣፉ ላይ እንዳይረግፍ ሻርፓቸውን ዘርግተው ይቀበሉ ጀመር። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አላህ ያቃልለዋል» ይሉኛል በየመሃሉ።

ካሜራው ማንሳቱን አነሳ፤ ሌንሱ ግን እንደረዘመ ቀረ። የሩቁን ከማቅረብ በቀር ሌላ አያውቅም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ብሸሽ እንኳ ከአንድ ሰው ፊት በላይ አይገባልኝም። ሁሉንም ባንድ ላይ ማንሳት እንደማልችል ገባኝ። ስለዚህ ከሙሽራዋ ጀምሬ አንድ በአንድ፣ ምስሉን በሌላኛው ቀለበት በእጄ እያጠራሁ አነሳኋቸው። አክስትየዋ ተራቸው ሲደርስ እንቢ አሉ።

«እኔን አሮጊቷን ምን ያደርግልሻል? ልጆቹን አንሺ።»

«አክስቴ፣ ለእኔ ስትይ» አለች ሙሽራዋ።

አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ትንሽ ቆዩ። አንዷ ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ድንገት ሳቁና እጃቸው ወረደ። ያኔ አነሳኋቸው።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዋ ፎቶ ቤት መጣች። ፎቶዎቹን አንድ ባንድ አይታ ስትጨርስ፣ «ሁላችንም አብረን ያለንበት የለም?» አለች።

«የለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከፍቷታል፤ አልደበቀችኝም። ቆይታ ግን ወደ አክስቷ ፎቶ ተመለሰችና ትልቅ አድርጌ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ።

ካሜራውን አዲስ አበባ ወስጄ አስፈታሁት። አካሉ ተጠርጎ ዳነ፤ ሌንሱን ግን ጠጋኙ በአሸዋ ተበልቷል፣ አይሆንም አለኝ። ያገለገለ ሌንስ እስካገኝ ድረስ በተዋስኩት ካሜራ ጉርድ ፎቶ ብቻ እያነሳሁ ከረምኩ።

በዚያው ሰሞን በአንዱ የገበያ ቀን አክስትየዋ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉኝ። ፎቷቸውን ሙሽራዋ ቤት አይተውታል። ልጃቸው አረብ አገር ቤት ሠራተኛ ናት፤ ከሄደች ወዲህ ድምፃቸውን ትሰማለች እንጂ መልካቸውን አላየችም። የእሳቸው ስልክ ፎቶ ስለማይልክ እንድልክላት ጠየቁኝ። ቁጥሯን ከስልካቸው ላይ አይቼ ከራሴ ስልክ በኢሞ ላክሁላት።

«አሁን ደረሳት?»

«ደርሷታል እናቴ። ይጠብቁ፣ እያየችው ነው።»

ብዙ አልቆየም፤ የልጅቱ የድምፅ መልእክት መጣ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «እማ! ጥርስሽ መቼ ወለቀ? ለምን አልነገርሽኝም?»

አሮጊቷ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ምን ልበላት?» አሉኝ።

«የሆነውን ይንገሯት። ይቺን ምልክት ተጭነው ይናገሩ።»

ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ማዶ መንደር ያለ ሰው እንደሚጣራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአገሬው ቋንቋ በመስቃንኛ ጀመሩ። እኔም ልተዋቸው ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።