ቀዩ ጓንትና እማማ ፋንታዬ

ትናንት ከሥራ መልስ አፌ ውስጥ ምን እንደገባ ልነግራችሁ ነው። ምግብ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ... ኋላ አልነገርሽንም እንዳትሉኝ።

የባሌ እናት እማማ ፋንታዬ እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሄ የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት። ደግ ሴት ናቸው። ግን ከልጃቸው ጋር ከተጋባን ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ... «ምራቴ መልክ አላት፣ ጠባይ አላት፣ እጅ ግን የላትም።» እሳቸው ሰፌድ ይሰፋሉ፣ ጥልፍ ይጠልፋሉ። እኔ ቁልፍ ስተክል እንኳ ጣቴን ነው የምወጋው። እውነታቸውን ነው፣ ግን ያማል።

ዘንድሮ ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ ሲበረታ የእማማ ጣቶች በቁርጥማት አብጠው «ጣቴ የኔ አይደለም» ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ የምሠራው የቀዘቀዘ ዓሣ መጋዘን ውስጥ ነው፣ የእጅ ብርድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በቃ፣ ጓንት ሠርቼ እጃቸውን አሞቃለሁ፣ እጅ እንዳለኝም አሳያለሁ አልኩ።

አንዲት የሥራ ጓደኛዬ በእረፍት ሰዓት ኪሮሽ አስተማረችኝ። ሠራሁ፣ ፈታሁ፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ሠራሁ። ጣት በጣት መሥራቱ አቅሜ አልሆነም። ስለዚህ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበትን፣ አውራ ጣት ብቻ ለብቻዋ የምትቀመጥበትን ዓይነት ሠራሁ። ቀይ፣ ወፍራም ሱፍ። ሲያልቅ እኔው ራሴ ሳምኩት።

ወስጄ ሰጠኋቸው። «እማማ፣ ከፋፎት ሠራሁልዎት!»

ከፋፎት በዕብራይስጥ ጓንት ማለት ነው። ለምን በአማርኛ እንዳላልኩት አትጠይቁኝ፣ አፋችን እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል።

እያገላበጡ አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ፈተግ ፈተግ አደረጉት። «እሰይ... ሻከር ያለ ነው። ጥሩ ነው» አሉ። መሻከሩ ለምን ደስ እንዳሰኛቸው ያኔ አልገባኝም።

ትናንት ዝናብ ደብድቦኝ ቤታቸው ገባሁ። እማማ ወጥ ቤት ናቸው። ከማሞቂያው አጠገብ አንደኛው ጓንቴ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለብሰውታል ማለት ነው፣ እንዲያውም ፀጉር ማውጣት ጀምሯል። አጠለቅኩት። እርጥብ ነው፣ ለብ ብሏል። የቀዘቀዘ ጉንጬን ያዝኩበት። ትንሽ ይሸታል... የከረመ አይብ የሚመስል ነገር። ወጥ ቤት ነክቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጫፉ ላይ አንድ ክር ተመዟል። ኪሮሽ የሚሠራ ሰው የተመዘዘ ክር አይቶ እጁ አያርፍም። መቀስ ማን ይፈልጋል? አፌ ውስጥ ከተትኩና በጥርሴ በጠስኩት። ምላሴ ላይ አንድ ደረቅ ነገር ቀረ። ስስ ነው። የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ መሰለኝ።

እማማ ብቅ አሉ።

«ውይ! አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? አውልቂው! የአባትሽ ተረከዝ መፈተጊያ እኮ ነው!»

ደንግጬ... ዋጥኩት።

አባትሽ የሚሉኝ የባሌን አባት ነው። ተረከዛቸውን አላያችሁትም። ንቃቃቱ ሳንቲም ይደብቃል። ጥፍራቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ተቆልምሟል። ማታ ማታ ቅባት ይለቀለቃል፣ ጠዋት ጠዋት ይፈገፈጋል... እና ያ ልጣጭ የነጭ ሽንኩርት አልነበረም።

«እማማ... ከፋፎት ነው ብዬዎት አልነበር?»

«እኮ! ከፋፎት ነዋ! አባትሽን የምታጥበው ሜታፔሌት በመጣች ቁጥር ‹ከፋፎት አምጪ፣ ከፋፎት የት አለ› አይደል እንዴ የምትለኝ? እሱን አጥልቃ አይደል የምታጥበው? የሷ ላስቲክ ነው፣ ያንሸራትታል። ያንቺው ግን... እንዴት አድርጎ እንደሚፍቅ!»

«ቆይ... ይታጠባል ግን?»

«ኧረ ምን ያለችው ናት! እሱን ሲያጥብ አብሮ አይታጠብም ወይ?»

መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። አፌን በእጅ ሳሙና አጠብኩ። ሳሙና እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። ቀና ስል ሁለተኛው ጓንት ቧንቧው ላይ ተንጠልጥሏል... እሱ ላይ ያየሁትን ለማንም አልናገርም። እንደገና ወደ ሳሙናው ተመለስኩ።

ስወጣ ልነግራቸው ቆርጫለሁ። ለእጅዎ እኮ ነበር፣ ስንት ማታ ዓይኔን ያጠፋሁት ለእጅዎ ነበር ልላቸው። ግን ጎረቤታቸው እትዬ አበሩ መጥተው ተቀምጠዋል። እማማ ገና ሲያዩኝ አገጬን ያዙኝ።

«ይቺ ናት! እጅ የላትም ስል አልነበር? ውሸቴን ነው! እጇ ወርቅ ነው! ሽማግሌው እንኳ ‹ተባረኪ በያት› ብሎኛል።»

ይህን ቃል ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ከአፋቸው ወጣ፣ በሰው ፊት። አገጬን የያዙበት እጃቸው ግን በረዶ ነው። ያ ሁሉ ሱፍ ቤት ውስጥ እያለ ጣታቸው አብጦ ቀልቷል። ማልቀስም ማስመለስም አንድ ላይ መጣብኝ።

አልነገርኳቸውም። እሱንም ዋጥኩት። ትናንት የመዋጥ ቀኔ ነበር።

እትዬ አበሩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ለኔም ሥሪልኝ እስቲ። የኔው ሰውዬ ይብሳል» አሉኝ።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ለእማማ ሌላ ጥንድ ጀመርኩ። ሲያልቅ እኔው ራሴ እጃቸው ላይ አጠልቅላቸዋለሁ እንጂ ስሙን በየትኛውም ቋንቋ አልጠራውም። ክሩንም በመቀስ ነው የምቆርጠው።

ትናንት ከቤታቸው ስወጣ ሁለቱም ቆመው «እጅሽን ይባርከው!» ብለው መረቁኝ። እጄስ ተባረከ... አፌን ማን ይባርክልኝ?