የጋትሏክ ኪቦርድ

ባለፈው ሳምንት የልጄን የሕፃንነት ፎቶ ፍለጋ አሮጌ ላፕቶፔን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ከፈትኩት። እያቃሰተ ተነሣና ኢንተርኔት እንዳገኘ አንድ መልእክት ፊቴ ላይ ደቀነብኝ። "ይህ ፕሮግራም ተንከባካቢ የለውም። ይጥፋ?" ይላል። የፕሮግራሙን ስም ሳየው ፎቶውን ረሳሁት። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ቶሎ የምበሳጭ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ብስጭቱም እምቢ አለኝ።

ፕሮግራሙ ሲሠራ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ነበርኩ። ፀጉሬ ሳይሸብት፣ ጁባ ታውን ውስጥ አጎቴ ሐጂ ኑሩ ዱቄትና ስኳር በጅምላ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። የዱቄት ብናኝ ለኮምፒውተር ምን ዓይነት ጠላት እንደሆነ የማያውቅ እኔን ይጠይቀኝ። ጋትሏክን ያወቅሁት እዚያ ነው። ኑዌር ነው፤ ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ የተመለሰ። አማርኛው ከኔ ይሻል ነበር፤ ስሳሳት ያርመኝና "አንተ ግን እውነት ሐበሻ ነህ?" ብሎ ይስቅብኛል። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሳህን ፉል እንበላለን። እሱ ሚጥሚጣውን ይነሰንሳል፣ እኔ እጮሃለሁ።

ጋትሏክ በኮምፒውተር ኑዌርኛ የሚያስጽፍ ኪቦርድ ሠርቶ ነበር። ሠርቶም የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን በሚያኖሩበት፣ ማንም በነጻ በሚወስድበት የኢንተርኔት መጋዘን አስቀመጠው። መጋዘኑ ደንብ አለው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ስሙ የታወቀ ተንከባካቢ ይኖረዋል፤ ሲበላሽ የሚያድሰው፣ ሲጠየቅ የሚመልሰው እሱ ነው። ተንከባካቢው ጋትሏክ፣ ረዳቱ እኔ ተብሎ ተጻፈ። ረዳት ያሰኘኝ ለወዳጅነት እንጂ እኔማ ዊንዶውስ ከመጫን ያለፈ ሙያ አልነበረኝም።

በዚያ ታኅሣሥ ጦርነቱ መጣ። ተኩሱ ጋብ ብሎ ሱቅ ስንከፍት የጋትሏክ ስልክ ዝግ ነበር። ንያኩሮን ሰፈር የተከራያት ክፍል ድረስ ሄጄ ጎረቤቶቹን ብጠይቅ "ማፊ" አሉኝ፤ የለም ማለታቸው ነው። እህቱ ኛማል ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ካምፕ ገብታ ተርፋለች። እሷም አላየችውም።

ዝናቡ ጀምሮ ቀዩ አፈር ጭቃ ሲሆን፣ ቦዳቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎችም ከነተሳፋሪያቸው መንሸራተት ሲጀምሩ፣ ከመጋዘኑ ኢሜይል መጣልኝ። የጻፈችው የመጋዘኑ አስተባባሪ ናት፤ የት አገር እንዳለች እንኳ አላውቅም። "ኪቦርዱ ከአዲሱ ሲስተም ጋር እየተጋጨ ነው። ተንከባካቢው ብንጽፍለት አይመልስም። አለ ወይ?" ትላለች።

የኛ የሱቅ ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ጎረቤትህ ከሱቁ ከጠፋ ደንበኛውን "ወጣ ብሎ ነው፣ አሁን ይመጣል" ብለህ ትይዝለታለህ። ታሞ ይሁን፣ ታስሮ ይሁን፣ ወጣ ብሎ ነው። እኔም ሌላ መልስ አላውቅ! "ወጣ ብሎ ነው፣ ይመጣል" ብዬ ጻፍኩላት። ታገሠችኝ። ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ያንኑ መለስኩላት። በመጨረሻ "ተንከባካቢ ከሌለው ከመጋዘኑ መውጣት አለበት፤ አንተ ረዳቱ ትስማማለህ?" አለችኝ።

እስከዚያው ራሴ ላድሰው ብዬ ታገልኩ። አንዱን ፊደል ሳቃና ሌላው ይጣመማል። አጎቴ ከስኳሩ ጆንያ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና "ምን ሆነህ ነው እንዲህ ምሳህን እንኳ የረሳኸው?" አለኝ።

"የጋትሏክን ሥራ ሊያስወጡበት ነው፣ አጎቴ።"

"አንተ ልትጠግነው ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያስ ዱዓ አድርግ" አለና ወደ ደንበኛው ዞረ። ወላሂ፣ ሙያዬን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ኛማል ካምፑ ውስጥ የጠፉ ሰዎችን ስም የምትተይብ ሠራተኛ ሆና ነበር። ኮምፒውተሯ ሲያስቸግራት አስጠራችኝ። የላስቲኩ ጣሪያ ሙቀት ያፍናል። አንዲት እናት ፊት ለፊቷ ተቀምጠው የልጃቸውን ስም ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ስክሪኑ ላይ ግን ግማሹ ፊደል፣ ግማሹ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

"የወንድሜን ኪቦርድ ምን ነካው?" አለችኝ።

የኢሜይሉን ነገር ነገርኳት። "ካንቺ ኮምፒውተር ላይ አሁኑኑ አጠፋልሻለሁ። ውጭ አገር የተሠራ ሌላ አለ፣ እሱን እተካልሻለሁ" አልኳት።

"ጋምቤላ ካምፕ ሆነው ስም የሚጽፉትስ? እነሱም የሚያወርዱት ከዚያው መጋዘን አይደል? እኛ እዚህ ደህና አድርገን ጽፈን፣ እነሱ እዚያ ሳጥን ከጻፉ ሰው በምን ይገናኛል? ይውጣ በላቸው።"

"ኛማል፣ እንዲወጣ ከተስማማሁ እኮ እሱ አይመጣም ማለቴ ነው።"

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። "እሱንም ጽፌዋለሁ" አለችኝ። "ጋትሏክ የሚለው ደህና ይወጣል። የአባታችን ስም ላይ ሲደርስ ሳጥን ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ማን ያገኘዋል?"

እናትየው አማርኛ አይሰሙም፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። የጋትሏክን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩላት።

ሱቅ ተመልሼ "ይውጣ" ብዬ ጻፍኩ። አስተባባሪዋ "አዝናለሁ" አለችኝ፤ ደግ ሰው ነበረች። ኪቦርዱም ከመጋዘኑ ወጣ፣ የጋትሏክም ስም አብሮ። ውጭ ማንጎ ሻጮቹ ይጮሃሉ፣ አጎቴ በጁባ ዓረብኛ ዋጋ ይከራከራል። በአዲሱ ኪቦርድ ስሞቹ ሙሉ ሆነው መውጣት ጀመሩ። ኛማል እንደነገረችኝ ዘመዶቻቸውን ያገኙ ሰዎች አሉ። ጋትሏክ ግን አልተገኘም።

ኛማል አሁንም ዓረፋ ሲደርስ ደውላ እንኳን አደረሰህ ትለኛለች። እሱን እሷም አታነሣ፣ እኔም አልጠይቅ። መጋዘኑ እንኳ ተጠርቶ ያልመለሰውን መቼ እንደሚያስወጣ ደንብ አለው። እኛ የለንም፤ ማን እንደሚያወጣልንም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ "ይጥፋ?" ሲለኝ "አይጥፋ" አልኩና የጋትሏክን ስም ከነአባቱ ጻፍኩበት። የሱ ስም ደህና ወጣ። ቀጥሎ ያለው ባዶ ሳጥን ሆነ።

"ወጣ ብሎ ነው" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ቤት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።