በውሰት የሞላ ቤት

ያን ቀን እግሬ ውኃ ቋጥሮ ነበር... ከኮሶበር በጠዋት ወጥተን ዳገት ስንወጣ ቁልቁለት ስንወርድ ዋልን።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ያጣሁ ጎረምሳ ነኝ። የድሆችን ኑሮ ሊያጠና ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ከአገውኛ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ። ሰውዬው ከየመንደሩ የአንድ ችግረኛ ቤት ልጅ ይመርጣል፤ የተመረጠው ከተማ ገብቶ በነጻ ይማራል።

በዚህኛው መንደር ዕድሉ ለማን እንደሚገባ ውሻው እንኳ ያውቃል። እማማ ጥሩ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ይታይሽን በድንች ቅቅል ነው የሚያሳድጉ።

ደረስን... ደጃቸው ላይ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ታስሯል። ውስጥ ወንበር አለ፣ ነጭ ጋቢ አለ፣ ይታይሽ በብርጭቆ ጠላ ትቀዳለች።

ወዲያው ገባኝ። ፈረሱ የጎረቤታቸው የአያ ተገኘ ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል፣ እማማ ጥሩ እንዳያፍሩ ብሎ ቤቱን ገልብጦ አውሷቸዋል። በእኛ አገር ወግ ነው። ያን ዕለት ግን አንጀቴን አሳረረው።

«ምን ይቸግርዎታል?» አለ አጥኚው።

«ተመስገን፣ ምንም» አሉ እማማ ጥሩ።

ተረጎምኩና አከልኩበት፤ «ጌታዬ፣ ዕቃው እኮ የውሰት ነው።»

«ዘመድህ ናቸው እንዴ?» ብሎኝ ተነሳ። ለመከራከርም ጉልበት አልነበረኝም።

ቀጥለን የገባነው አያ ተገኘ ቤት ነው። እኔ ቤት ይመጣሉ ብሎ አላሰበም መሰለኝ፣ ደነገጠ። ልጆቹ ከብት ይዘው ወጥተዋል። ቤቱ ወና ነው፤ መደቡ ላይ የሚነጠፍ ቁርበት እንኳ አልቀረም። አጥኚው ከንፈሩን መጠጠ።

«ልጅ አለዎት?»

አያ ተገኘ እኔን አየኝ፣ መሬቱን አየ...

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ይታይሽ ትባላለች።»

«እዚያኛው ቤት ጠላ ስትቀዳ ያየናት?»

«አዎ። እንግዳ አለ ሲሉኝ እንድትታዘዝ ልኬያት ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ተመረጠች።

አጥኚው ዛፍ ሥር አረፍ ሲል እማማ ጥሩ ጋ ተመለስኩ። «ልጅዎ ልትማር ነው። ግን የአያ ተገኘ ልጅ ተብላ ነው የምትገባው። ሰው ቢጠይቅዎ እናቷ ነኝ እንዳይሉ።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ቤታቸውን ዞረው አዩ... ወንበሩ ተወስዷል፣ ጋቢውም ተወስዷል፤ አያ ተገኘ ደጅ ላይ ፈረሱን እየፈታ ነው።

«እሱስ ያዋሰኝን ወሰደ» አሉኝ። «እኔ ያዋስኩትን ማን ይመልስልኛል?»

ደግነቱ፣ ይህቺን ለማንም መተርጎም አልነበረብኝም።