በጓንት ካርቶን ክዳን ላይ የተጻፈው

እኔ ነገር የምጽፈው ያገኘሁት ላይ ነው። የሶፍት ካርቶን፣ የሩዝ ከረጢት፣ የሻይ ፓኮ፤ ሌላው ቢጠፋ መዳፌ አለ። «ስልክሽ ላይ ጻፊ» የሚሉኝ አሉ። ስልኬማ የእህቴን ልጆች ፎቶና መዝሙር ጠግቦ «ሚሞሪ ሞልቷል» እያለ ሲነዘንዘኝ ይውላል። ስለዚህ ዐረብ አገር፣ ሳልሚያ በሠራሁበት ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ነበረኝ። ብጣሹን ሁሉ እዚያ እጠቀጥቃለሁ። ቀጠሮ አለ፣ የማዳም ትእዛዝ አለ፣ አባቴ ሲደውል እንዳልረሳ የያዝኩት ወሬ አለ፣ አገሬ ገብቼ የምከፍተው ሱቅ ስም ሳይቀር አለ። ሱቁ እስከ ዛሬ አልተከፈተም፤ ስሙ ግን ሦስቴ ተቀይሯል።

ቀኑን ደግሞ በፈረንጅ መጻፍ አይሆንልኝም። ሁሉም በታቦት ነው። የኤሲው ማጣሪያ የሚታጠበው ለአቦ፣ መጋረጃው የሚወርደው ለጊዮርጊስ፣ የትልቋ ማማ የወር መርፌ ለማርያም። በየትኛው ወር ማርያም ብትሉኝ እሱን እኔም አላውቀውም። ሲጽፉት ግልጽ ነበር።

ትልቋ ማማ የማዳም እናት ናቸው። ኮሮና ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ከወንድ ልጃቸው ጋር ተኮራረፉ። ልጁ የሟች አባቱን አሮጌ ጀልባ ሳያስፈቅዳቸው ሸጦት ነው። «ዓይንህን እንዳላየው!» አሉት። እሱም ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ቀረ። በኋላ በሽታው መጥቶ ያገሩ ልጆች በአውሮፕላን ወደየቤታቸው ሲመለሱ «ፈተና አለብኝ» አለ። የምን ፈተና! ኩርፊያ ነው እንጂ። እሳቸውም ደውሉልኝ አይሉም። እናትም ልጅም አንድ ዓይነት ግትር ናቸው፣ አያድርስ ነው።

ክፋቱ፣ ማማ ያን ጊዜ መርሳት ጀምረዋል። መነጽራቸውን አድርገው «መነጽሬን ፈልጊልኝ» ይሉኛል። እንደሚረሱ ግን አሳምረው ያውቃሉ።

አንድ ጠዋት፣ በዚያ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ከጀምዒያው የሚገዛውን ዕቃ በጓንት ካርቶን ክዳን ላይ እጽፋለሁ። ጀምዒያ የምንለው የሰፈሩን ትልቅ መደብር ነው፤ ያኔ የሚገባው በቀጠሮ ብቻ ነበር። ማማ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ደረቅ እስኪመጣ የምለውን እረሳው ይሆናል። አንቺ ጻፊልኝ።»

«ማማ፣ እኔ ዐረብኛ መጻፍ የት አውቄ?»

«በምታውቂው ጻፊው።»

ፊደላችን ምን ይሳነዋል? ከአፋቸው እንደወጣ ቀዳሁት። «ጉሊላ አና ሙ ዘዕላና።» አልተቀየምኩም በይው ማለታቸው ነው። ከዚያ ሌላም ጨመሩ፣ እኔም እየተሯሯጥኩ ጻፍኩ። ጥጉ ላይ «ለሚካኤል» ብዬ ቀኑን አሰፈርኩና ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ ደህና ቦታ አስቀመጥኩት።

ደህና ቦታ! እኔን ደህና ቦታ ይንሳኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ማዳም የጽዳት ዛሯ ተነሳ። ያን ሰሞን ቲማቲም በሳሙና፣ የበር እጀታ በበረኪና የምታጥብ ሴት ሆናለች። ጣሳዬን አየችና «ይሄ ሁሉ ዝባላ፣ ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድነው?» ብላ ከቤቱ ጥራጊ ጋር ጥቁር ፌስታል ውስጥ ገለበጠችው። ጓንትና ማስክ አድርጌ የፌስታሉን ዕቃ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የሱቄን ስም አገኘሁ። የማማ ክዳን ግን የለም፤ ያ ደህና ቦታም የት እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ሐሳቡንማ አውቀዋለሁ። ግን አደራ የተሰጠኝ ሐሳቡ አይደለም፣ ቃላቸው ነው። ደግሞስ ሠራተኛ ዝም ብላ ተነስታ «እናትህ ምረውሃል» ብትለው ማን ያምናታል? አልጋ ስር፣ ከማቀዝቀዣው ኋላ፣ በስልኬ መብራት ያልፈለግኩበት ጥግ የለም። ማማ ቁርሳቸውን ሳቀርብ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤

«ጽፈሽዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ ማማ።»

«አለ?»

«አለ።» ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሳይጠይቁኝ ቀሩ። በማግስቱም አልጠየቁ። ስጠላው የኖርኩት ጥያቄ ሲቀር ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዓመት አለፈ። ልጁ ሊመጣ መሆኑ በተሰማ ሰሞን ፋሐሂል የሚባለው ሰፈር ለገበያ ወጥቼ ስመለስ፣ ማዳም በር ላይ ተቀብላ ስልኬን ነጠቀችኝ። ክትባቱን ሁለቴ ተወግታም በረኪናውን አልተወችም። ሽፋኑን ፈልቅቃ ልትወለውል ስትል የሚካኤል ሥዕሌ ወደቀ፣ ከሥዕሉ ጀርባ ደግሞ ለሁለት የታጠፈ ካርቶን። «ይሄስ ምንድነው?» አለችኝ። አፈፍ አድርጌ ወደ ደረቴ። ለካ የሚካኤል ዕለት የተነገረኝን ቃል ለሚካኤል አደራ ሰጥቼ፣ በዚያው ስልክ እያበራሁ ዓመት ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ! ሳቄም እንባዬም መጣ። ማዳም በሽታው ጭንቅላቴ የወጣ መስሏት ሁለት እርምጃ ሸሸች።

ልጁ በቀጥታ ከአውሮፕላን ማረፊያ መጣ። ማማ እግር ስር ተቀመጠ። እሳቸውም እጁን እየዳበሱ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት በትሕትና። ያ ግትር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እስካሁን ተቀይማኛለች?» አለ እህቱን።

እኔ ክዳኔን ይዤ ገባሁ። «ጌታዬ፣ አደራ አለብኝ» አልኩና አነበብኩ፣ በእሳቸው አነጋገር፣ እሳቸው ሲቆጡ እንደሚጎትቱት እየጎተትኩ። «ጉሊላ አና ሙ ዘዕላና።» ጀልባው የበሰበሰ መሆኑን፣ አባቱም ሊሸጠው ያስብ እንደነበር፣ ሁሉንም።

«መቼ ነው ያለችው?» አለኝ። «ራሷን ስታውቅ ነው ወይስ...?»

«ለሚካኤል» አልኩት።

ሚካኤል የትኛው ነው? በየወሩ አለ። ጨነቀኝ። ኋላ ዓይኔ ከላይኛው መስመር ላይ አረፈ። «የጀምዒያ ቀጠሮ ረቡዕ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የደረቀ ሎሚ፤ ማማ ትንንሹን አልፈልግም ብለዋል።» ማዳም ከአፌ ነጠቀችኝ። «የሰዓት እላፊው ጊዜ ነው! ያኔ ሎሚውን ሦስቴ አስመልሳኛለች። ያኔማ ሁላችንንም ታውቀን ነበር።»

ልጁ የእናቱን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ። ማማ ራሱን እየደባበሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ማማ።»

«ደግ ብያለሁ። ሌላስ ምን ብያለሁ?»

የመጨረሻውን መስመር ለራሴ አየሁትና አፈርኩ። ቢሆንም አነበብኩላቸው። «ሲመጣ ምንም ሳትነግሪው አስቀድመሽ ምሳ ስጪው። ሲርበው አይገባውም።»

ማማ ፊታቸው ላይ የድሮው ቁጣ መጣ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታነቢያለሽ? አቅርቢለት እንጂ!»