ልጆቼን ቆልፌ ስብሰባ የሄድኩበት እሑድ

በደርግ ጊዜ ቤታችን ናዝሬት ውስጥ፣ ከቦኩ ተራራ የሚወርደው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ዳር ነበር። ቦዩን በክረምት እንፈራዋለን እንጂ መስከረም ካለፈ ደረቅ ነው፤ ሰው ያቋርጥበታል፣ ፍየል ይታሰርበታል። ባለቤቴ ወንጂ አገዳ ቆረጣ ላይ ስለነበር በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚመጣው። ሦስቱን ልጆች የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ፈሪ ነኝ፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ጥላዋንም ትቆልፍበታለች» ይሉኝ ነበር።

ውሸታቸውን አይደለም። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው የስኳርና የሳሙና ካርዱ ይያዝበታል። ልጅ ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው፣ ይረብሻሉ ተብሎ። ስለዚህ ልጆቼን ቤት አስገብቼ በውጭ በጓጉንቸር እቆልፍባቸው ነበር፤ ቦዩ ውስጥ እንዳይወርዱ፣ መኪና እንዳይገጫቸው ብዬ። ብዙ እናት እንዲሁ ታደርግ ነበር። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና አፉን እየፈታ ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎረቤታችን የአሰብ መስመር ሹፌር መኪናውን አቁሞ ወረደ። መኪናው እስከ መስኮቱ ጭቃ ነው። በኅዳር ጭቃ ከየት አገኘህ ብለን ከበብነው።

«የባሕር አውሎ ነፋስ ነው» አለ። «ከባሕር ተነሥቶ ወደ መሬት ገብቷል። እኔን ሁለት ቀን መንገድ ላይ አስሮኛል። ሜዳውን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ተራራ ሲያገኝ ነው ውሃውን የሚያራግፈው። እናንተ የቦይ ዳር ሰዎች፣ ሰማዩን ተዉትና ተራራውን እዩ።»

ጠላ ሻጯ ጎረቤቴ ሳቀች። «ባሕሩ ናዝሬት ድረስ ከመጣልንማ ዓሣ በነጻ እንበላለን።»

«አንቺማ ምን ቸገረሽ፣ ጠላሽም ውሃ ነው» አላት።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ጥርሴ ሳቀ እንጂ ሆዴ አልሳቀም።

በማግስቱ ጧት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ ደመና አለ። ልቅር ወይስ ልሂድ እያልኩ ቆየሁ። ባለፈው ወር ቀርቼ ማስጠንቀቂያ ነበረብኝ። ቆለፍኩና ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ያወራል፣ እኔ ተራራውን አያለሁ። ደመናው ወፈረ፣ ጠቆረ፤ ከዚያ ተራራው ራሱ ጠፋ። ከተማው ላይ ግን ፀሐይ ነው። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጆቼ ላይ ቆልፌ ነው የመጣሁት። ጎርፍ ሊመጣ ነው።»

በመስኮቱ አየ። «እህት ጓድ፣ በዚህ ፀሐይ ነው ጎርፉ? ከስብሰባ መሸሻ ከፈለግሽ የተሻለ ፈልጊ። ተቀመጪ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው። ተቀምጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አንዲት ቃል አልሰማሁም። በኋላ እግሬ ራሱ አስነሣኝና ወደ በሩ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሽማግሌ ጥበቃ ቆመዋል። ከአርሲ ተራራ ሥር የመጡ ኦሮሞ ናቸው። ቁልፉን አሳየኋቸው።

«ኦቦ፣ ሌላ ቁልፍ ያለው ሰው የለም።»

እሳቸው ቁልፉን አላዩም፤ ተራራውን አዩ። «የኛ አገር ወንዝ ከብት የሚወስደው በፀሐይ ነው» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ዴሚ። ሂጂ። እኔ አላየሁሽም።»

ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ቦዩ ደረቅ ነው። ድምፅ ግን ይሰማል፤ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው ያለ። ቁልፉ ሁለቴ ወደቀብኝ። ከውስጥ ትልቋ «እማዬ፣ ስብሰባው አለቀ?» ትላለች። ከፈትኩ። ትንሹን አቀፍኩ፣ ሁለቱን እየጎተትኩ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ሳልፍ ጠላ ሻጯን «ነይ ውጪ» አልኳት፤ ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ተከተለችኝ።

አስፋልቱ ላይ ቆመን አየነው። ቀይ ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ መጣ። እኛ ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። በቦዩ በኩል ያለውን ግድግዳችንን ናደውና የልጆቹን አልጋ ከነፍራሹ ይዞት ሄደ። የሌሎቹ ቤቶች ከኛ ትንሽ ከፍ ስለሚሉ ውሃው ደጃቸው ደርሶ ተመለሰ። መካከለኛው ልጄ «አልጋችን» አለ።

ሰኞ ቀበሌ ተጠራሁ። ስብሰባ ረግጠሽ ወጥተሻል፣ ግለ ሂስ አድርጊ አሉኝ። «ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። «ተቀመጪ ስባል መቀመጥ አልነበረብኝም።»

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አላየኝም። ማን አሳለፈሽ ሲለኝ በሩ ላይ ሰው አልነበረም አልኩ። «በይ ሂጂ» አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱንም ልጆች ይዤ ገባሁ። ሌሎች የቦይ ዳር እናቶችም ልጆቻቸውን እያስከተሉ መጡ። ሊቀመንበሩ ገና ከመጀመሩ ትንሹ ልጄ አለቀሰ። ጡቴን ሰጠሁት። አስወጪው ያለኝ የለም።