ሳይሰናበት የሄደው አፒሳይ

ጥር 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ፣ አፒሳይ እንደ ወጉ ተወቅጦ የሚጠጣውን የካቫ ሥር ለመንደሩ ሽማግሌዎች አቅርቦ፣ ተመርቆ መሰናበት ሲገባው ሳያደርገው ቀረ። ከፊጂ የሚወስደው የፈረንሳይ ራግቢ ክለብ ጉዞውን አፍጥኖበት፣ ጀልባዋ ቆማ እየጠበቀችው ነበር።

«ሳትመረቅ ባሕር ልትሻገር?» አለው አጎቱ።

«አጎቴ፣ ስመለስ እጥፍ አመጣለሁ። እስክትወድቁ ትጠጣላችሁ!»

እናቱ ላይሳኒ አልሳቀችም። ከመጨረሻው ግጥሚያ ወዲህ ራሱን እያዞረው ግድግዳ ሲደገፍ አይታዋለች። «ለሐኪማቸው ንገር» ብትለው፣ «ይተዉኛል እኮ፣ እማ» ብሏታል።

በአራተኛው ወር ሜዳ ላይ ተጋጭቶ ወደቀ፤ በሳጥን መጣ። ካቫውን አጎቱ በስሙ አቀረበለት።

በሄደበት ዕለት ማለዳ ጎደሬ እንዲቆፍር የላከችው ላይሳኒ ናት። ቆፍሮ፣ ወንዝ ወርዶ አጥቦ፣ ማድ ቤቷ በር ላይ አስቀመጠላት፤ ካቫውን የሚያቀርብበት ጊዜ በዚያው አለቀ።